ካልነካኸው አይነካህም?

ባለፈው ፋሲካ ሰቆጣ ስገባ የአጎቴ አሮጌ ቶዮታ ማርሽ በቀየረች ቁጥር መንገጫገጭ ጀምራ ነበር። አውቶማቲክ ናት። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ቡና ጠቁሯል፤ ያረረ ነገርም ይሸታል።

“አጎቴ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ልቀይረው?” አልኳቸው።

“ተው አንተ ልጅ! ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል ይላሉ። ካልነካኸው አይነካህም።”

ሳቄ መጣ። እኔም ቢሮ የምለው ይህንኑ ነው፤ አሮጌ ኮድ ሲያጋጥመን “የሚሠራውን አትንካ” እንባባላለን። ግን ልብ በሉ፣ ምክሩ ማሽኑን ሳይሆን እኛን ነው የሚጠብቀው። ነክቼው ከተበላሸ “እሱ ነው ያበላሸው” እባላለሁ። ሳልነካው ከተበላሸ “አርጅቶ ነው” ይባላል። ጉዳቱ ያው ነው፤ የጠፋው ተጠያቂው ብቻ ነው። አለመንካትም ውሳኔ መሆኑን ማንም አያነሳም።

ፍርሃቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይህ ዘይት ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ በግፊቱም ማርሽ ያስቀይራል። የውስጥ ፍሪሲዮን ሸራዎች ካለቁ አዲስ ዘይት አያድናቸውም። ብዙ ሰው ደግሞ ዘይቱን የሚቀይረው መኪናው ከታመመ በኋላ ነው፤ በሽተኛው ሲሞት ሐኪሙ ይከሰሳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች “ዘይቱ ለዕድሜ ልክ ነው” ይላሉ። የማን ዕድሜ? ከተከዜ ሸለቆ ወደ ሰቆጣ የሚያስወጣውን ዳገት ማን ቆጠረው? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉን መኪኖች አብረውን ማርጀታቸው የግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ያዘኝ። መኪናዋ ብትቆም እኔ ላፕቶፔን ይዤ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ ኮረም የሚመላለሱባት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም አደጋ ሳላሳምር ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

“እንግዲያው ግማሹን ቀይረው” አሉ።

ሳያውቁት ትክክለኛውን መንገድ ነገሩኝ። የማፍሰሻው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ጥቂት እያሉ መቀየር በግፊት ሁሉንም ከማጠብ ይልቅ ለአሮጌ ካምቢዮ ይለዝባል። ሜዳ ላይ አቁመን ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን። የወረደውን በሃይላንድ ለካሁት፤ ሦስት ሊትር ገደማ። ያንኑ ያህል፣ መመሪያው የሚያዘውን ዓይነት ሞላሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ማርሹን በየቦታው አዘዋውሬ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ እንደገና ለካሁ።

መንገጫገጩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። መኪናዋ እስከ ዛሬ ትሄዳለች፤ ይህ ግን ትክክል እንደነበርኩ አያረጋግጥም፤ ዕድልም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት “ካምቢዮው ቢሞት የማሠሪያውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ” አልኳቸው።

“አሁን ነካኸው” አሉኝ።