ማየትና መውሰድ

ሰው ያማረ ነገር ባየ ጊዜ ሁለት አሳቦች በልቡ ይነሣሉ። አንደኛው «ይህ የእኔ በሆነ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ይህ ባለበት ይኑር» የሚል ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከሁለቱ የትኛው ለሰው እንደሚገባው በአገራችን ወፎች ምሳሌነት ጥቂት እንመርምር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ጎንደር ደርሶ ነበር። እርሱም በ1837 ምንቃሯ እንደ ማጭድ የጐበጠውን፣ ከጉሮሮዋ ሥር ቈዳ የሚንጠለጠልባትን፣ በደጋው ሰማይ እየጮኸች የምታልፈውን ወፍ፣ በ1845ም ሰማያዊ ክንፍ ያለውን የደጋ ዝይ ለዓለም ሊቃውንት በጽሑፍ አስታወቀ። ዝዩ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ወፊቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትኖርም። በዚያ ዘመን ወፍን ለማወቅ የፈለገ ተመራማሪ በጥይት ጥሎ፣ ቈዳዋን ገፎና አድርቆ ወደ አገሩ ይወስዳት ነበር። ዛሬ ግን ብርቅ ወፍ ፈልጎ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዞ ይቀመጣል፤ አይቶ፣ ስሟን መዝግቦ ይሄዳል፤ ወፊቱም በቦታዋ ትቀራለች።

«የማይበላትን ወፍ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ምን ያለ ሥራ ፈት ነው?» የሚል አለ። ለዚህ ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ሊበላት ወይም ሊሸጣት ሳያስብ፣ ስለ አንዲት ወፍ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በብርድ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው፣ በሌላው መኖር ብቻ ደስ መሰኘትን ይማራል። ይህን የተማረ ልብ የባልንጀራውን እርሻና ከብት ሲያይም ምኞቱን መግታት ይቀለዋል። እኛ ግን በደጃችን ስለምትመላለስ አናያትም፤ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል።

ዳሩ ግን አይቶ መተው ብቻውን ምግባርን አይፈጽምም። ለዚህም የጣና ሐይቅ ዳርቻ ምስክር ይሁነን። በአውሮፓ ብርዱ ሲበረታ ክሬን የሚባሉ እግረ ረጅም ግራጫ ወፎች ከፊንላንድ፣ ከኤስቶንያና ከሩስያ ምዕራብ በሺህ እየተቈጠሩ መጥተው በሐይቁ ዙሪያ ይከርማሉ። ሌሊት በውኃው ዳር ያድራሉ፤ ቀን በገበሬው ማሳ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ካልተሰበሰበው ይበላሉ። ጉማሬም ቀን በውኃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ በዳር ያለ አዝመራ ካገኘ አይምርም። በጀልባ የሚዞረው ጎብኚ ጉማሬውን በቀን አይቶ፣ ተደስቶ ወደ ማደሪያው ይገባል፤ ገበሬው ግን ከዚያው ጉማሬ እህሉን ሊጠብቅ እንቅልፉን ያጣል። ደስታው የአንዱ፣ ድካሙ የሌላው ሆነ ማለት ነው።

ጣና በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 በዩኔስኮ ዘንድ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን የተበላውን እህል አይተካም። እንዲሁም ዝዩ የሚኖርበትን ረግረግ የሚያርስ ድኻ፣ ልቡ ክፉ ስለ ሆነ አያርስም፤ ልጆቹን ሊያበላ ነው። እንግዲህ «አትረስ፤ አትግደል» የሚል ሰው «ይህ ገበሬ ምን ይብላ?» ብሎ አብሮ ሊጠይቅ፣ ከኪሱም ሊካፈል ይገባዋል። አለዚያ ወፊቱን አልወሰደም እንጂ የገበሬውን እንጀራ ወስዷል።

በአማኑኤል ወይም በደብረ ማርቆስ የምትኖር ተማሪ ሆይ፤ ነገ ጠዋት ያች ማጭደ ምንቃር ወፍ ስትጮኽ ቀና ብለህ እያት። ካየሃት በኋላም ዓይንህን ወደ ምድር መልሰህ፣ ያረፈችበት ማሳ የማን እንደ ሆነ ጠይቅ።