የጭብጦ ሙግት

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። ተረቱን ዘወትር የምንጠቅሰው ስለተሰረቀው ሰው ነው። ጭብጦዋን ወሰድህ ተብሎ ሞያሌ ፍርድ ቤት ስለሚቆመውስ? ትንሽ ወንጀል ትንሽ የሚሆነው ለማን ነው?

በኬንያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተራ ስርቆት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ደግሞ ዳኛው በእስር ፈንታ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ለሄሉ ልጅ ይህ እውነተኛ ምሕረት ነው፤ ቤቱ እዚያው፣ ዋሱ ጎረቤቱ። ነገር ግን ጥገኝነት ሳይጠይቅ የከረመ ወገናችን በአንድ ሳሙና ቢከሰስ ሌላ ክስ ይከተለዋል። በ2011 የወጣው የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ በአገሩ መገኘትን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 ሺሊንግ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። በእስራት ዘመን ሲለካ መስረቅና መገኘት እኩል ሆኑ ማለት ነው! ሳሙናው ተረስቶ ሰውየው ራሱ ወንጀል ይሆናል።

ስለዚህ አንዳንዶቻችን ትንንሹን ነገር ሽማግሌ ይጨርሰው እንላለን። የ2010 ሕገ መንግሥትም እርቅን ያበረታታል፤ መልካም ነው። ግን አፋርሳታን አንርሳ። መንደሩ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ተሰብስቦ ይውል ነበር፤ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ሸንጎ ዘመድ የሌለውን ሰው ስም ለመጥራት ማን ይፈራል? በስደት ደግሞ አብዛኞቻችን ዘመድ የለንም።

እኛ፣ ከነክብደቱ፣ ፍርድ ቤቱን እንመርጣለን፤ የተከሳሹ ቃል እዚያ ይጻፋልና። የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1973 በአደን ጉዳይ ክሱ ተከሳሹ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነገረው፣ መልሱም እንደተናገረው እንዲመዘገብ ወስኗል። ሕገ መንግሥቱም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «አልሰረቅህም?» ተብሎ «አዎ» ያለ አማርኛ ተናጋሪ «እውነት ነው፣ አልሰረቅሁም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን አዎንታው ማመን ይመስላል። አማርኛና ስዋሂሊ አጥርታችሁ የምታውቁ ወገኖች፣ ለማስተርጐም ስትጠሩ ጥያቄውን «ሰርቀሃል ወይስ አልሰረቅህም?» ብላችሁ አቅርቡት፤ በ«አዎ» ብቻ ቢመልስም «አዎ ምን?» ብላችሁ ሙሉውን ቃል ሳታስጨርሱት አትቀመጡ።