ስለ ራስ መመስከር

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ደረስጌ ማርያም በምትገኝበት በሰሜን ምድር፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳ በቅዱሳን ሥዕል ካስጌጡት ሠዓልያን ብዙዎቹ፣ ክብሩ ለፈጣሪ ነው ብለው፣ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል። ዛሬ ግን ለሕፃናት መጽሐፍ የዋልያን ቀንድ አንጓ በአንጓ በእርሳስ የሚሥል የደባርቅ ወጣት፣ አሜሪካ ለኪነ ጥበብ ሰዎች የምትሰጠውን ኦ-1 ቪዛ ቢሻ፣ ሽልማቱን፣ የተጻፈለትን የጋዜጣ ዐምድና የሊቃውንቱን ምስክርነት አሰባስቦ ልዩ ችሎታው እንዲረጋገጥለት ግድ ይሆናል። ይህ ከትሕትና ጋር ይጋጫልን? አይጋጭም እላለሁ፤ ማመልከቻውን የሚያቀርበው አሠሪው ወይም ወኪሉ እንጂ ራሱ አይደለምና፣ ሌላው ያመስግንህ ከሚለው ከመጽሐፈ ምሳሌ ምክር አይርቅም። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ሥዕሉን አይቶ የተደሰተው የዳባት ሕፃን የምስክርነት ደብዳቤ የማይጽፍ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ስመ ጥር የሆኑት ደራስያንና ሠዓልያን፣ ሳይለመኑ፣ ስለ ወጣቱ ሠዓሊ ሊመሰክሩለት ይገባል።