ጊሚራ የሚለውን ቃል ማን ይፋቀው?

ሚዛን ተፈሪ ተወልዶ ያደገ ተማሪ ስለ ወገኖቹ የተጻፈ የድሮ ነገር ልፈልግ ብሎ ቢነሳ፣ በመጀመሪያ የገዛ ስሙን ወደ ጎን ማድረግ አለበት። «ቤንች» ብሎ ቢፈልግ ብዙ አያገኝም። «ጊሚራ» ሲል ግን የመንግሥቱ ደብዳቤ፣ የተጓዡ ማስታወሻ፣ የባሪያ ንግዱ ወሬ ይከፈትለታል። ቤንቾች ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም፤ ሌላ ሰው ነው ያወጣላቸው። ቢሆንም ሚዛን በንጉሡ ዘመን የጊሚራ አውራጃ ከተማ ነበረች። የሸካቾን ቋንቋ ለሚያጠናም ነገሩ ያው ነው፤ ቮልፍ ሌስላው በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መዝገበ ቃላት የ«ሞቻ» ነው የሚለው።

እንግዲህ ባለቤቱ የማይወደው ስም፣ ከዚያም የከፋው ስድብ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ይፋቅ? ወይስ እንዳለ ትተን አጠገቡ ማብራሪያ እንጻፍ?

ይፋቅ የሚለውን ሰው በቀላሉ ማለፍ አይገባም። መጽሐፍ የተጻፈው ድሮ ቢሆንም የሚነበበው ዛሬ ነው። 40 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል መምህሩ ያንን ቃል ጮክ ብሎ ሲያነብ 39ኙ ዞረው አንዷን ካዩ፣ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈረ ማስታወሻ ምን ያደርግላታል? ለእርሷ ቃሉ ታሪክ አይደለም። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ልዩነት ነው። ለክፍል የሚመረጥ ምንባብ ሌላ፣ መጽሐፉ ራሱ ሌላ ነው። መምህሩ ያንን ገጽ ባያስነብብ መጽሐፉን አላጠፋውም። መጽሐፉን የሚፍቅ ግን፣ ልጅቷ አድጋ «ምን ይሉን ነበር?» ብላ በጠየቀች ቀን የምትይዘውን ማስረጃ ነው የሚወስድባት።

መፋቅ ደግሞ እንደሚታሰበው ንጹሕ ሥራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የማርክ ትዌይን «ሀክልቤሪ ፊን» በአዲስ እትም ሲወጣ፣ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ቃል 219 ጊዜ ወጥቶ በቦታው «ባሪያ» ገባ። እዚያ ማለዘቢያ የሆነው ቃል እኛ ዘንድ ሕመሙ ራሱ ነው። ከቤንች፣ ከዲዚ መንደር ሰው እየተነዳ በተሸጠበት አገር «ባሪያ»ን ማን ማለዘቢያ ይለዋል? እርሱንም እናውጣው ካልን፣ በ1916 ዓ.ም. የወጣው የባሮች ነጻነት አዋጅ ምን ሊቀረው ነው? ማን ነጻ ወጣ ሊል ነው?

የኦነሲሞስ ነሲብ ደግሞ ይብሳል። በልጅነቱ ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ይህ ሰው በ1894 እ.ኤ.አ. ለኦሮሞ ልጆች የፊደል መጽሐፍ ሲያሳትም፣ በርዕሱ ላይ የገባው ኦሮሞች በዘመኑ የሚጠሩበት ስም ነበር፤ ዛሬ ስድብ የሆነው። ቃል እየለቀመ የሚፍቅ እጅ ሰዳቢውን ከተሰዳቢው አይለይም። (እኔም ቃሉን እዚህ አልጻፍኩትም። በአሮጌው መጽሐፍ ይኑር ማለት በአዲስ ጽሑፍ ልድገመው ማለት አይደለምና።)

ስለዚህ ወደ ማብራሪያው አደላለሁ። ግን የትኛው ማብራሪያ? ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ሲያሳትሙ፣ መነኩሴው በ1593 እ.ኤ.አ. የጻፈውን አላስቀሩም፤ ኦሮሞችን ከሚመለከቱ ሌሎች ሰነዶች ጋር አጅበው አወጡት፤ ሽፋኑም «ኦሮሞች» ነው የሚለው። አንባቢው አንድን ድምፅ ብቻውን እንዳይሰማ ማድረግ እንዲህ ነው።

የምጠላው «ዘመኑ ነው» የሚለውን ማስታወሻ ነው። በአንድ ሐረግ ሰውን ሁሉ ነጻ ይለቃል። ዘመን ስም አያወጣም፤ ግብር ሰብሳቢ ያወጣል፣ ነጋዴ ያወጣል፣ ጎረቤት ያወጣል። ደግሞስ የትኛው ዘመን? በከፋና በሸካ ማንጃ የሚባሉት ሰዎች ሥጋ አይመርጡም እየተባሉ ከገበታ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዛሬም አብሯቸው የማይበላ ሰው አለ። እዚህ ላይ ናቂው ከሰሜን የመጣ ገዢ ብቻ አለመሆኑ ለእኛ ለጸሐፊዎች አይመቸንም። «ያኔ እንዲህ ይታሰብ ነበር» የሚል ግርጌ ማስታወሻ፣ አሁን ከጎረቤት ቤት የሚፈጸመውን ወደ ሙዚየም ይልከዋል።

ማብራሪያ ቃሉን «ነውር ነው» ብሎ ቢያልፍ ምንም አልሠራም። ማን፣ ማንን፣ ምን ሊያደርገው ሲል እንደጠራው ይናገር። ሲጻፍም ስሙ የተለጠፈባቸው ሰዎች ብዕር ይያዙ፤ በሚዛንና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ የሚጽፍ ጠፋ ማለት አይቻልም።

የተጣመመ ስም ሳይፋቅ የመጣበትን ምልክት አጠገቡ መያዝን የቡና ሰዎች ያውቁታል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የተለቀመ የጌሻ ዘር በታንጋኒካ በኩል አልፎ በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ ገባ። በመንገድ ላይ ስሙ ተጣሞ ከጃፓን ጌይሻዎች ጋር ተምታታ፤ ፓናማ ላይ በ2004 እ.ኤ.አ. ውድድር አሸንፎ ዋጋው ሰማይ ሲነካም በተጣመመው ስም ነበር። የኮስታ ሪካው መዝገብ ግን ቁጥሩን ይዟል፤ ቲ 2722። አገሬው «ይህ የኛ ጌሻ ነው» ሲል ጣቱን የሚቀስረው ወደዚያ ምልክት ነው።