ቅርበትና ደኅንነት

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ሲሉ ኖረዋል። ቤት ቢቃጠል ወይም ሰው ቢሞት ፈጥኖ የሚደርሰው ጎረቤት ስለሆነ አነጋገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን በካንሰር ታሞ ከባድ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሰው በአጠገቡ ባለው ሆስፒታል ይታከም ወይስ ርቆ ይሂድ ብለን ስንጠይቅ ይህ ምሳሌ ይበቃናልን?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ሉፍት፥ ባንከርና ኤንቶቨን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ 12 ዓይነት ቀዶ ጥገናዎችን መርምረው፥ በአንዳንዶቹ ዘንድ ሥራውን በሚያዘወትሩ ሆስፒታሎች የሚሞተው ሰው ጥቂት መሆኑን አስረዱ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በርክማየርና ባልደረቦቹ 2.5 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ጥገናዎችን መረመሩ። ቆሽት በሚቆረጥበት ቀዶ ጥገና፥ ሥራውን እጅግ አልፎ አልፎ በሚሠሩት ሆስፒታሎች ከመቶው 16.3 ሲሞት፥ እጅግ አዘውትረው በሚሠሩት የሞተው ከመቶው 3.8 ነበር።

የዚህ ምክንያት የቀዳጁ ሐኪም እጅ መልመድ ብቻ አይደለም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ደም መፍሰስ ወይም መመረዝ በየትኛውም ሆስፒታል ይደርሳል፤ ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው አደጋውን በጊዜ አይቶ ሕመምተኛውን ከሞት በማዳን ላይ ነው። ይህም ሌሊት የምትጠብቀውን ነርስ፥ ማደንዘዣ ሰጪውንና የደም መርማሪውን ሁሉ ይጠይቃል።

እንግዲህ ሕመምተኛውን ሁሉ ወደ ሩቁ መላክ ይገባል እንበልን? በ1999 ዓ.ም. በታተመ ጥናት 100 አሜሪካውያን ሕመምተኞች የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው አድርገው እንዲያስቡ ተጠየቁ። በሩቁ ሆስፒታል የመሞት አደጋ ከመቶ 3፥ በቅርቡ ግን ከመቶ 6 ቢሆን እንኳ 45ቱ ቅርቡን መረጡ። እነዚህን ሰዎች ሞኞች ልንላቸው አንደፍርም። በቤተ ዘመድ መካከል መታመም ራሱ ዋጋ አለው። ነገር ግን አደጋውን አውቆ ቅርቡን የመረጠና ማንም ሳይነግረው በዚያው የቀረ ሰው እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው መርጧል፥ ሁለተኛው ግን ተመርጦለታል።

ስለዚህ የሐኪሙ የመጀመሪያ ግዴታ «ይህን ሥራ ከእኔ ይልቅ የለመዱት አሉ» ብሎ መናገር ነው ብለን እናምናለን። ይህ ቃል ክብርንም ጥቅምንም ስለሚነካ ከባድ ነው። በኔዘርላንድ፥ በዓመት ከ20 ያላነሰ የቆሽት ቀዶ ጥገና የማይሠራ ሆስፒታል ሥራውን እንዲተው መወሰኑ ይህን ሸክም ከሐኪሙ ትከሻ ያቀለዋል።

ይሁን እንጂ ሥራ በጥቂት ቦታ ሲሰበሰብ መንገዱ ይረዝማል። የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ የሌለውን ድኃ «ሩቁ ይሻልሃል» ብሎ ማሰናበት፥ እውነት ነግሮ በር እንደ መዝጋት ነው። ሥራው በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ የሚያዝ መንግሥት ድኃው የሚደርስበትን መንገድ አብሮ ሊያዘጋጅ ይገባዋል፤ አለዚያ ደኅንነቱ ለባለጸጋው ብቻ ይሆናል።