የዘገየ ደም

ለመሆኑ የዘገየ ርዳታ ርዳታ ነውን? ይህን ጥያቄ ያስነሳብን አንድ የሕክምና ጉዳይ ነው። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ይህ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

የሴት የእንቁላል ዕጢ፣ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሉት፣ አንዳንዴ በተንጠለጠለበት ጅማት ላይ ይጠመዘዛል፤ በተለይም ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት። ቀድሞ የሚታነቀው ደም መላሹ ሥር ነው፤ ግድግዳው ስስ ነውና። ደም ይገባል፣ አይወጣም። ዕጢው ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ ኋላ የሚገባውም ይቆማል። ፍቱኑ ሕክምና በቀዶ ጥገና የተጠመዘዘውን መፍታት ነው። ድሮ የጠቆረውን ቆርጦ ማውጣት የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ግን የጠቆረውም ብዙ ጊዜ እንደሚያገግም ታውቋል።

ጉዱ ከዚህ ይጀምራል። የተመለሰው ደም የታፈነውን ሥጋ ያድነዋል፣ መልሶም ይጎዳዋል። ድንገት የገባው ኦክሲጅን ጎጂ ቅንጣቶችን ይፈጥርና ገና ያልበሰሉትን እንቁላሎች ሳይቀር ያጠፋል። ተመራማሪዎች ይህን ሁለተኛ ጉዳት በሆርሞን ለመከላከል እየሞከሩ ነው። ሌሊት ከአንጎል የሚመነጨው ሜላቶኒን፣ ከኩላሊት የሚወጣው ኤሪትሮፖይቲን፣ ምጥን የሚያፋፍመው ኦክሲቶሲን በአይጦች ላይ ተሞክረው ተስፋ ሰጥተዋል። ለሴቶች የተረጋገጠ ሕክምና ለመሆን ግን ገና አልበቁም።

ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይመስለንም። ወሎ በ1966ም በ1977 ዓ.ም.ም ረሃብን አይቷል። በረሃብ የደከመ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባና ልቡ ሊቆም ይችላል። ምግቡ መልካም፣ ሰጪውም ቸር ሊሆን ይችላል፤ ያጠፋው መዘግየቱ ነው።

እስቲ አንዲት የአምባሰል ገበሬ እናስብ። እኩለ ሌሊት ከእምብርቷ በታች በአንድ ጎኗ ሕመም ይነሳባታል፣ ያስመልሳታል። «ብርድ ነው፣ የሴት ነገር ነው፣ ይለፍልሻል» ትባላለች። ሲነጋ በቃሬዛ ወደ ውጫሌ፣ ከዚያ በመኪና በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተራራው ጓሮ እስከ አስፋልቱ ያለው ግን የሚለካው በሰው ትከሻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መንገድ ለሌለው አገር የአይጥ ሆርሞን ቅንጦት ነው» ይላሉ። እኛ አንስማማም። ደሟ ለብዙ ሰዓት ተቋርጦ የሚመለስባት ይህችው የሩቅ ሴት ስለሆነች መድኃኒቱ ቢገኝ ከከተሜዋ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ሌሎች ደግሞ «አንዱ ዕጢ ቢጠፋ ሁለተኛው አለ፣ ትወልድበታለች» ይላሉ። እንዴ! አንድ ዓይን ያለው ሰው ያያል ተብሎ ሌላው ዓይኑ ይጥፋ ይባላል እንዴ?

ይህ ሲባል ግን መድኃኒቱ ለመዘግየታችን ማስተሰረያ ሊሆን አይገባም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። ዘግይቶ የደረሰ ረጂ ሁለት ዕዳ አለበት እንላለን፤ አንደኛው አመጣጡ ራሱ እንዳይጎዳ መጠንቀቅ፣ ሁለተኛው ለምን እንደዘገየ መጠየቅ። የመጀመሪያውን ዕዳ የሳይንስ ሰዎች በቤተ ሙከራ ይዘውታል። ሁለተኛው ግን የመንገድ ሠሪውም፣ የጤና ጣቢያውም፣ የባልም፣ የእናትም፣ የእኛም ነው። መጀመሪያው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዚያ ሌሊት «አመመኝ» ስትል ማመን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?