የአያት ስም ጌጥ ነውን ወይስ ዕዳ?

ለሕፃን የአያቱን ስም ማውረስ ክብርን መስጠት ነውን ወይስ ዕዳን ማሸከም? ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ የሚገኙት የሞርሞን ምእመናን ልማድ ምሳሌ ይሆናል። ትምህርታቸው ከጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየ ቢሆንም፥ የአባቶችን ስም በማሰብ የሚተጉ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. የትውልድ ሐረግ የሚመረምር ማኅበር በዩታ አቁመዋል። በመጽሐፋቸውም ሔላማን የተባለ አባት ልጆቹን በቀደሙት አባቶች ስም የሰየማቸው፥ ስማቸውን ባሰቡ ቍጥር የእነዚያን ሥራ እንዲያስቡ ነው ተብሎ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን መንገድ አይመራም። ሃይማኖቱን በ1830 የመሠረተው ጆሴፍ ስሚዝ በአባቱ ስም የተጠራ ነበረ። እርሱና ወንድሙ ሃይረም በ1844 በአንድ ቀን ተገደሉ፤ ለሁለቱም ጆሴፍ የሚባል ልጅ ቀርቶላቸው ነበር። የመሥራቹ ልጅ በ1860 ከዩታዎቹ የተለየው ወገን አለቃ ሆነ፤ ብዙ ሚስት ማግባትንም አጥብቆ ተቃወመ። የሃይረም ልጅ በ1901 የዩታዎቹ አለቃ ሆነ፤ እርሱም ከአንድ የሚበልጡ ሚስቶች ነበሩት። ስማቸው አንድ ሲሆን መንገዳቸው ተለያየ።

ከ1945 እስከ 1951 የዩታዎቹ አለቃ የነበረው ጆርጅ አልበርት ስሚዝም የአያቱን ስም የያዘ ነበረ። አያቱ በ1875 ሲሞት እርሱ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረ። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ታሞ ሳለ አያቱን በሕልም አየው። አያቱም በስሙ ምን እንደ ሠራበት ጠየቀው። ያንጊዜ የሕይወቱ ዘመን ሁሉ በፊቱ አለፈ፤ አያቱን የሚያሳፍር ነገር በስሙ እንዳላደረገም መለሰ። ይህን ታሪክ እርሱ ራሱ ተርኮታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ አያቱ የጠየቀው ሥራውን እንጂ ስሙን መያዙን አይደለም። ስም እንደ አደራ ገንዘብ ነው፤ ለሕፃኑ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ይሰጠዋል፥ ሲያድግ ግን ሒሳቡን ይጠየቃል። ታዲያ ያልተበደረውን ዕዳ ማስከፈል ፍርድ ነውን? ስሙ ባዶ ሆኖ ቢሰጠው ግፍ ነው፤ መልካም ሥራ ተጨምሮበት ቢሰጠው ግን ስንቅ ነው።

የኤልሳቤጥ ዘመዶች ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደው ነበር፤ እናቱ ግን ዮሐንስ ይባል አለች፥ አባቱም ይህንኑ በሰሌዳ ጻፈ። ሕፃኑ የአባቱን ስም ሳይወርስ የአባቱን ፈሪሃ እግዚአብሔር ወረሰ። እንግዲህ ስሙን ለልጅ ልጁ ሊያወርስ የሚወድ ሰው፥ ልጁ በስሙ ምን እንደ ሠራ ከመጠየቁ በፊት፥ እርሱ ራሱ በዚያ ስም ምን እንደ ሠራበት ይጠይቅ።